ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ ሰርቷል፣ ሳምፕሎቹ ግን ባዶ ናቸው፤ ኔጌቲቭ ብዬ ልጻፍ?

ሰላም ለሁላችሁ። ክሩ በጣም ረዝሞ ሰው ከመሃል እየገባ ያለቀውን ጥያቄ መልሶ እየጠየቀ ስለሆነ ከላይ ጀምሬ የተባለውን በራሴ አባባል ላስቀምጠው፣ የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ አንዳንድ ቦታ ደሞ የራሴን ሃሳብ ጣል አደርጋለሁ፣ ቅር እንዳትሰኙ።

መክፈቻው ጽሁፍ፦ ጠያቂዋ የማስተርስ ተማሪ ናት። እንጆሪ ላይ በአግሮባክቴሪየም (ጂን ወደ ተክል በሚያሻግር ባክቴሪያ) ጂን አስገብታ፣ ካናማይሲን (አንቲባዮቲክ) ያለበት ሚዲያ ላይ አረንጓዴ ሆነው የተረፉትን ቡቃያዎች ቅጠል ወስዳ፣ ዲኤንኤ አውጥታ፣ ካናማይሲን የሚያስችለውን ጂን ኤንፒቲ-ቱን በፒሲአር (አንድን የዲኤንኤ ቁራጭ በየሳይክሉ እጥፍ እያደረገ በሚያባዛ ዘዴ) ፈለገችው። ፖዘቲቭ ኮንትሮል (ጂኑ እንዳለበት የሚታወቅ ማነጻጸሪያ) ያደረገችው ትራንስፎርሜሽኑን የሰራችበትን ፕላስሚድ (ጂኑን የተሸከመውን ክብ ዲኤንኤ) ራሱን ነው፣ 1 ናኖግራም። የፕላስሚዱ ባንድ (የተባዛው ዲኤንኤ ጄል ላይ የሚያሳየው ጭረት) አይን ያጠፋል፣ ውሃ ብቻ ያለበት ቱቦ ንጹህ ነው፣ ጂን ያልገባበት ተክልም ባዶ ነው፣ ሳምፕሎቹም አንድ ሳይቀሩ ባዶ። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ ፖዘቲቩ ከሰራ ፒሲአሩ ሰርቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ተክሎቹ ጂኑ የላቸውም ብዬ ቴሲሴ ላይ ልጻፍ ወይ? አማካሪዋ ጻፊ ብሏታል፣ እሷ ግን ካናማይሲን ላይ ደህና ያደገ ተክል እንዴት ጂኑ አይኖረውም ብላ ልቧ አልቀበል ብሏታል።

መልስ 1፦ በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ አይዞሽ እህቴ ብሎ ነው የጀመረው። ፖዘቲቩ መጣ፣ ኔጌቲቩ ንጹህ ነው፣ መጽሃፍ የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ጻፊው ብሎ ሄደ። ብዙ ላይክ ያገኘውም ይሄ መልስ ነው፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

መልስ 2፦ ሁለተኛው ቆይ ቆይ አለ። ፕላስሚዱ መስራቱ ምን ይነግርሻል ብሎ አንድ በአንድ ቆጠረላት፤ ታኩ (ዲኤንኤውን የሚያባዛው ኢንዛይም) ሞቶ አልነበረም፣ ፕራይመሮቹ (የሚባዛውን ቁራጭ ጫፎች የሚይዙት አጫጭር ዲኤንኤዎች) ይይዛሉ፣ ማሽኑ ፕሮግራሙን በትክክል ጨርሷል፣ ጄሉም ደህና ሮጧል፣ በቃ እዚህ ላይ ያበቃል። ከእንጆሪው ቅጠል የወጣው ዲኤንኤ በፒሲአር መባዛት የሚችል ነው ወይ የሚለውን አልተጠየቀም አልመለሰምም። ነገርየውን የጎረቤት ቤት መብራት ስለበራ የኔ አምፖል አልተቃጠለም እንደማለት ነው ብሎ ሲያስቀምጠው እኔ በበኩሌ ክሩ እዛው ቢያልቅ አይከፋኝም ነበር። ግን መች አለቀ።

መልስ 3፦ እሺ ታዲያ ምን ታድርግ ለሚለው የመጀመሪያውን ተግባራዊ ምክር የሰጠው ይሄ ነው። በዛው ዲኤንኤ ላይ የተክሉን የራሱን ጂን የሚያወጡ ፕራይመሮች ተጠቀሚ፣ ማለትም ኢንተርናል ኮንትሮል ስሪ አላት። የተክሉ ጂን ከመጣና ኤንፒቲ-ቱ ካልመጣ ያኔ ኔጌቲቭ የሚለው ቃል ክብደት ይኖረዋል፣ ሁለቱም ካልመጡ ግን ሳምፕሉ ውጤት አልሰጠም እንጂ ኔጌቲቭ ነው አይባልም። እስከዚህ ሁሉም ተስማማ። ለኢንተርናል ኮንትሮል አርቢሲኤልን ተጠቀሚ፣ ፕራይመሮቹ ሁሉም ቦታ አሉ፣ ሁሉም ተክል ላይ ይሰራሉ ሲል ነው ነገር የተነሳው።

መልስ 4፦ አራተኛዋ በትህትና ነው የገባችው፣ የ3ኛው ሃሳብ ልክ ነው ግን የመረጠው ጂን አያዋጣም ብላ። አርቢሲኤል የክሎሮፕላስት ጂን ነው፣ አንድ የቅጠል ሴል ውስጥ የክሎሮፕላስት ጂኖም በሺዎች ኮፒ ሊኖር ይችላል፣ የገባው ጂን ግን ምናልባት አንድ ቦታ ላይ አንድ ኮፒ ነው። ዲኤንኤው ቆሻሻ ቢሆን፣ ግማሹ ቢቆራረጥ፣ ፒሲአሩ በግማሽ ጉልበት ቢሰራ እንኳ አርቢሲኤል ባንድ ይሰጣል፣ አንቺም ሁሉ ነገር ደህና ነው ብለሽ ትተኛለሽ። ከኒውክለስ ጂኖም ኮፒው ትንሽ የሆነ ጂን ምረጪ፣ የሚባዛው ቁራጭ ርዝመት ደሞ ከምትፈልጊው ቁራጭ እኩል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ይሁን አለቻት። የርዝመቱን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል። የተቆራረጠ ዲኤንኤ ላይ 150 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ይመጣል 700 ቤዝ አይመጣም፣ ስለዚህ አጭር ኮንትሮል አድርጎ ረጅም ታርጌት መፈለግ አይንህን ጨፍን ላሞኝህ ነው።

መልስ 5፦ 3ኛው ተመልሶ መጣ፣ ተቆጥቷል። አርቢሲኤልን አለም በሙሉ ይጠቀማል፣ በ2009 የተክል ባርኮድ (ዝርያ መለያ) ተብሎ ከማትኬ ጋር የተመረጠው እሱ አይደለም ወይ፣ ሰውን ከማደናገር ዝም ማለት ይሻላል አይነት ነገር ተናገረ።

መልስ 6፦ 4ኛዋም አልተኛችም። ለባርኮድ የሚፈለገው ከደረቀና ካረጀ ቅጠል እንኳ በቀላሉ መምጣቱ ነው፣ ለኮንትሮል የሚፈለገው ደሞ ሳምፕሉ ሲበላሽ አብሮ መበላሸቱ ነው፣ ሁለቱን የማይለይ ሰው ተማሪ አይምከር አለችው። ቃሏ ትንሽ ይመራል፣ ግን እውነቷን ነው። እንዲህ ስል ለማዳላት አይደለም፣ 3ኛው ባይኖር ኖሮ ኢንተርናል ኮንትሮል የሚለው ቃል ራሱ ክሩ ውስጥ አይገባም ነበር።

መልስ 7፦ እኔ በጣም የወደድኩት መልስ። ምንም ሳይጨቃጨቅ ሂሳብ ሰራ። ለአግሮባክቴሪየም የሚያገለግሉት ፕላስሚዶች 10 ሺህ ቤዝ ገደማ ናቸው ብለን እንያዝ፣ አንድ የቤዝ ጥንድ 650 ዳልተን ይመዝናል፣ ስለዚህ 1 ናኖግራም ፕላስሚድ ውስጥ 93 ሚሊዮን ያህል ኮፒ አለ። የእንጆሪ ሃፕሎይድ (ከአንድ ወላጅ የሚመጣው) ጂኖም 800 ሚሊዮን ቤዝ አካባቢ ነው፣ 50 ናኖግራም የቅጠል ዲኤንኤ ብታስገቢ የምታገኚው ከ57 እስከ 58 ሺህ ጂኖም ነው። ማለትም ኮንትሮልሽ ከሳምፕልሽ ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል፣ ታዲያ እሱ ቢሰራ ምን ይገርማል? ስንዴ ቢሆን ደሞ ጂኖሙ ከ16 ቢሊዮን ቤዝ በላይ ስለሆነ 50 ናኖግራም ውስጥ 3 ሺህ እንኳ በቅጡ አይሞላም፣ አራቢዶፕሲስ ላይ ግን ያው 50 ናኖግራም ከ300 ሺህ ያልፋል። ስለዚህ ይህን ያህል ናኖግራም አስገባሁ ብሎ ዝም ማለት ብዙ አይናገርም፣ የየትኛው ተክል ናኖግራም ነው መባል አለበት።

መልስ 8፦ የ7ኛውን ሂሳብ አመስግኖ አንድ ነገር አረመ። አዲስ ትራንስፎርም የተደረገ ተክል ጂኑን የሚይዘው በአብዛኛው ከጥንዱ ክሮሞዞም በአንዱ ላይ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ በግማሽ ይቀንስና ወደ 29 ሺህ ይወርዳል፣ ልዩነቱ ከ3 ሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል፣ በሳይክል ሲቆጠር ፕላስሚዱ 12 ሳይክል ያህል ቀድሞ ነው የሚነሳው። አክሎም ለ4ኛዋ፣ እንጆሪ ኦክቶፕሎይድ (ስምንት የክሮሞዞም ስብስብ ያለው) ነውና ኮፒው ትንሽ ነው ያልሽው የኒውክለስ ጂን በሃፕሎይዱ ውስጥ አራት ተመሳሳይ ሊኖረው ይችላል፣ ፕራይመርሽ አራቱንም ይያዝ አንዱን ብቻ እወቂ አላት። 4ኛዋ አመሰግናለሁ ብቻ ብላ አለፈች፣ ከ3ኛው ጋር እንደዛ ተናንቃ እዚህ ጋ እንዲህ መለዘቧ አስቆኛል።

መልስ 9፦ ከሂሳቡ ተነስቶ የሚሰራ ነገር ያመጣ ሰው። ጂን ያልገባበት ተክል ዲኤንኤ 50 ናኖግራም ውሰጂ፣ እሱ ላይ 30 ሺህ ኮፒ ያህል ፕላስሚድ ጨምሪበት፣ ይሄ በክብደት 0.3 ፒኮግራም ገደማ ነው፣ በተደጋጋሚ ማቅጠን እንጂ በአንዴ አይደረስበትም። ጎን ለጎን ያንኑ ያህል ፕላስሚድ በውሃ ብቻ አስሪው። በውሃ ሰርቶ በተክል ዲኤንኤ ውስጥ ካልሰራ ኤክስትራክሽንሽ (ከቅጠሉ ያወጣሽው ዲኤንኤ) ውስጥ ፒሲአሩን የሚያፍን ነገር አለ ማለት ነው፣ በሁለቱም ካልሰራ ደሞ ፒሲአሩ ራሱ ያን ያህል ትንሽ ነገር ማየት አይችልም። እኔ እንደሚመስለኝ ከክሩ አንድ ነገር ብቻ መውሰድ የሚፈልግ ሰው ይሄንን ይውሰድ፣ ምክንያቱም ይሄኛው ፖዘቲቭ ኮንትሮል ሳምፕሉ ያለበትን ችግር አብሮ ይቀምሳል።

መልስ 10፦ አጭር ናት፣ ግን በእጁ የሰራ ሰው ብቻ የሚያውቃት። ፕላስሚድ እስከዛ ድረስ በውሃ ሲቀጥን ቱቦው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ ዛሬ የሰራው ነገ አይሰራም። በቲኢ (የዲኤንኤ ማቆያ ፈሳሽ) አቅጥኚው፣ ትንሽ የእርሾ ቲአርኤንኤ ወይ የሳልሞን ዲኤንኤ ጨምሪበት፣ በትንሽ በትንሹ ከፋፍለሽ ፍሪዘር አስገቢ፣ አንዱን ቱቦ እያቀለጡ እያቀዘቀዙ አትኑሪ። ቁጥሩን ከምር የምትፈልጊ ከሆነ ደሞ ፕላስሚዱን በኢንዛይም ቁረጪው፣ የተጠማዘዘ ክብ ፕላስሚድ መጀመሪያ ላይ እንደ ተዘረጋው እኩል አይባዛም።

መልስ 11፦ ከዚህ በኋላ ታሪክ መጣ። አንዷ የነበረችበት ላብ ውስጥ የፕላስሚዱ ስቶክ ከፕራይመሮቹ ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጥ ነበር፣ የሚከፈተውም ማስተር ሚክስ (የፒሲአሩ ድብልቅ) የሚዘጋጅበት ቤንች ላይ ነው። አንድ ቀን ውሃው ባንድ ሰጠ። ውሃው ተቀየረ፣ ታኩ ተቀየረ፣ አዲስ ፕራይመር ታዘዘ፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ፣ በመጨረሻ የተገኘው የአንዱ ፒፔት ውስጠኛ ክፍል ነው። የ7ኛውን ሂሳብ አስታውሱ ብላ አስደነገጠችን፣ ከ1 ናኖግራም ላይ ሚሊዮንኛው ክፍል ቢረጭ እንኳ 90 ምናምን ኮፒ ነው፣ ለፒሲአር ከበቂ በላይ። ከዛ ወዲህ ፖዘቲቩን የምትጨምረው ሌሎቹ ቱቦዎች በሙሉ ተከድነው ካለቁ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው፣ በሌላ ፒፔት፣ በፊልተር ቲፕ፣ ከተቻለም በሌላ ክፍል።

መልስ 12፦ አንዱ መፍትሄው ቀላል ነው፣ ዲዩቲፒና (ዩራሲል ያለበት የዲኤንኤ ጡብ) ዩኤንጂ (ኢንዛይም) ተጠቀሙ ኮንታሚኔሽን (ከሌላ ቦታ የገባ ዲኤንኤ) ይጠፋል አለ። እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚናገረው።

መልስ 13፦ ወዲያው ተያዘ። ዩኤንጂ የሚያጠፋው ዩራሲል ያለበትን ዲኤንኤ ነው፣ ማለትም ቀድሞ በዲዩቲፒ የተባዛውን የፒሲአር ውጤት፣ ባክቴሪያ ውስጥ ያደገ ፕላስሚድ ግን የያዘው ታይሚን ስለሆነ ዩኤንጂው አይነካውም፣ የ11ኛዋን ችግር በዚህ መፍታት አይቻልም ተባለ። ይሄው ሰው ከዛ የተሻለ ሃሳብ አመጣ፤ ኮንትሮል ፕላስሚዱ ውስጥ በሁለቱ ፕራይመሮች መሃል 80 ወይ 100 ቤዝ የሚሆን ትርፍ ቁራጭ አስገቡበት፣ ባንዱ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ሳምፕል ላይ ያ ከፍ ያለው ባንድ ከመጣ ከየት እንደመጣ ሳትጨቃጨቁ ታውቃላችሁ። 12ኛው መልስ አልሰጠም።

መልስ 14፦ እዚህ ጋ ክሩ ከረረ። አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ሰርቻለሁ ብሎ ገባና ይሄ ሁሉ ጊዜ ማጥፋት ነው፣ ባንድ ከመጣ ሲኩዌንስ አድርጉት፣ እውነቱ እዛ ላይ ነው፣ ፖዘቲቭ ኮንትሮል የጀማሪ ነገር ነው፣ ኮንታሚኔሽን ከማምጣት ውጭ ጥቅም የለውም አለ።

መልስ 15፦ ጠያቂዋ የጠየቀችው ስላልመጣ ባንድ ነው፣ ያልመጣ ባንድ እንዴት ነው ሲኩዌንስ የሚደረገው? ሙሉ መልሱ ይቺው ነበረች። ከስሯ የተደረደረውን የሳቅ ምልክት አልቆጥርም። 14ኛው ከዛ በኋላ ስድብ ቢጤ ጽፎ አድሚኑ አንስቶታል፣ እኔም አላነሳውም።

መልስ 16 እና 17፦ ነገር ለማብረድ ይመስላል አንዱ ስለ ፒሲአር ታሪክ አነሳ፣ ከሪ ሙሊስ በ1983 አስቦት በ1993 ኖቤል እንደተሸለመ፣ ታክንም እሱ እንዳገኘው ጻፈ። ሌላው የመጨረሻዋን አረመ፤ ባክቴሪያውን ከየሎውስቶን ፍል ውሃ ያገኙትና በ1969 ስሙን አውጥተው ያሳተሙት ቶማስ ብሮክና ሃድሰን ፍሪዝ ናቸው፣ ኢንዛይሙ ተጣርቶ የተገለጸውም በ1976 ነው፣ ገና ሙሊስ ሳያስበው። ሙቀት የሚችለው ኢንዛይም ፒሲአር ውስጥ እስኪገባ ድረስ በየሳይክሉ ቱቦ ተከፍቶ አዲስ ኢንዛይም ይጨመር እንደነበርም ነገረን። እስቲ አስቡት፣ በየሳይክሉ ቱቦ እየተከፈተ ኮንታሚኔሽን ምን ሊሆን ነው።

መልስ 18፦ ወደ ጉዳዩ የመለሰችን ስለ ኤክስትራክሽን የጠየቀች ሴት ናት። በምንድነው ያወጣሽው፣ 260/230ው (በብርሃን የሚለካው የንጽህና ሬሾ) ስንት ነው? እንጆሪ፣ ወይን፣ ጥጥ፣ እነዚህ በፖሊፌኖልና በፖሊሳካራይድ የሚታወቁ ናቸው፣ ለሌላ ተክል የሚሰራ ቀላል ፕሮቶኮል እነሱ ላይ አይሰራም፣ ሲታብ ከፒቪፒና ከሜርካፕቶኤታኖል ጋር (ዲኤንኤ ሲወጣ የሚጨመሩ ኬሚካሎች ናቸው)፣ ጨውም በደንብ አስገቢ አለች። 260/280 1.8 መሆኑ ብቻ አያጽናናሽ፣ ፕሮቲን የለም ይላል እንጂ ስኳሩንና ፌኖሉን አያሳይም፣ አርኤንኤውን ካላጠፋሽ ደሞ መሳሪያው እሱንም ዲኤንኤ ብሎ ይቆጥርልሻል፣ 50 ናኖግራም ያልሽው 50 ላይሆን ይችላል።

መልስ 19፦ ጠያቂዋ ከቀናት በኋላ ተመለሰች፣ ሁሉንም አመስግና፣ 3ኛውንም 4ኛዋንም በስም ጠርታ አስታረቀቻቸው ማለት ይቻላል። 260/230ው 0.7 ነው። የ9ኛውን ሙከራ ሰርታ 30 ሺህ ኮፒ ፕላስሚድ በውሃ ውስጥ ጥሩ ባንድ ሰጣት፣ በእንጆሪው ዲኤንኤ ውስጥ ግን ምንም። አለቀ። የመጀመሪያው ጄል ላይ የነበሩት ባዶ መስመሮች ስለ ጂኑ ምንም አልተናገሩም ማለት ነው፣ ጂን ያልገባበት ተክል ባዶ መሆኑም እንደዛው፣ እሱም የታፈነ ነበር። ቀጥላ ዲኤንኤውን 1 ለ20 አቀጠነችው፣ ሪአክሽኑ ላይ ቢኤስኤ (የሚያፍነውን ነገር የሚይዝ ፕሮቲን) ጨመረች፣ ያኔ የተጨመረው ፕላስሚድ እንጆሪው ውስጥም ታየ።

ማቅጠን ነጻ ነገር አይደለም፣ ይሄን ማንም ስላላነሳው እኔ ልጨምረው። 1 ለ20 ሲቀጥን የሚያፍነው ነገር በ20 ይቀንሳል፣ ግን ታርጌቱም አብሮ በ20 ይቀንሳል፣ የ8ኛው 29 ሺህ ኮፒ ወደ 1,450 ይወርዳል። አሁንም በቂ ነው፣ ስንዴ ላይ ቢሆን ግን ከጥንዱ በአንዱ ላይ ያለ ጂን 1,500 አካባቢ ነበር፣ በ20 ተካፍሎ የሚቀረው 70 ምናምን ነው፣ እዛ ላይ ነገሩ እድል መሆን ይጀምራል። ስለዚህ በተቀጠነው ሳምፕል ልክ ኮንትሮሉም መቅጠን አለበት፣ 30 ሺሁን ይዞ መቀጠል አይሆንም።

መልስ 20፦ ያንኑ ቀን ማታ የጄሉን ፎቶ ለጠፈች። የኒውክለሱ ጂን ባንድ ከሁለቱ በቀር በሁሉም ሳምፕል መጥቷል፣ ኤንፒቲ-ቱ ደሞ በአንዳንዶቹ ደህና፣ በአንዳንዶቹ በጣም ፈዛዛ፣ በሌሎቹ ጭራሽ የለም። ጭራሽ የሌላቸውን አሁን ያለስጋት ኔጌቲቭ ማለት ይቻላል፣ ካናማይሲን ላይ ጂኑ ሳይኖረው የሚያመልጥ ቡቃያ እንግዳ ነገር አይደለም፣ በተለይ ዙሪያው ያሉት ሴሎች ሲከላከሉለት። የኒውክለሱ ጂን ያልመጣባቸውን ሁለቱን ግን ኔጌቲቭ ልትል ስትል 2ኛው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ገብቶ እነሱ ላይ ምንም አትበይ፣ እንደገና አውጪያቸው አላት።

መልስ 21፦ 4ኛዋ ናት፣ ፈዛዞቹን ባንዶች አይታ። ለደስታ እንዳትቸኩዪ አይነት ነው ያለቻት። ቡቃያዎቹ ገና ከአግሮባክቴሪየም አልራቁም፣ ባክቴሪያው ቅጠሉ ውስጥ ተደብቆ ሊተርፍ ይችላል፣ የያዘው ፕላስሚድ ላይ ደሞ ያው ኤንፒቲ-ቱ አለ፣ ስለዚህ ፈዛዛው ባንድ የተክሉ ሳይሆን የባክቴሪያው ሊሆን ይችላል። ቪርጂን ፈልጊ፣ እሱ ወደ ተክሉ የማይሻገር የባክቴሪያው ጂን ነው፣ እሱ ከመጣ ባክቴሪያው አለ። ለዚህኛው ፒሲአር ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ ምን ይሁን ለሚለው፣ ፕላስሚዱ አይሆንም፣ ቪርጂ እሱ ላይ የለም፣ ከራሱ ከአግሮባክቴሪየሙ የወጣ ዲኤንኤ በጂን አልባው እንጆሪ ዲኤንኤ ውስጥ ተቀላቅሎ ይሁን ብላ ጨረሰችው። 3ኛው ከስር ላይክ አድርጓል።

መልስ 22፦ ጠያቂዋ ፕራይመሩን አዛለች፣ ሲደርስ እለጥፋለሁ ብላለች። እስካሁን ያለው ይሄ ነው፣ አዲስ የምትገቡ ሰዎች እባካችሁ ፖዘቲቩ ሰርቷል ከማለታችሁ በፊት 2ን፣ 7ን እና 9ን አንብቡ፣ ስለ ናኖድሮፕ (260/230ን የሚለካው መሳሪያ) የምትጠይቁ ደሞ 18 ላይ አለ።